ሀገር ያጡ ቤተ ሰቦች
ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጀርመን በነበሩት የስደተኞች ሰፈሮች ስለ ነበረው ኑሮና አስተዳደር

በ1937 ዓመተ ምሕረት የትንሣኤ በዓል የዋለው ሚያዝያ 28 ቀን ነበረ። በሀገራችን ሕዝቡ በዋዜማው ሚያዝያ 27 የነፃነቱን መታሰቢያ አክብሮ፥ ሌሊቱን በየቤተ ክርስቲያኑ ተሰብስቦ ጧፍ እያበራ የክርስቶስን መነሣት ሲያበሥር አደረ። በዚያው ዕለት ከእኛ እጅግ ርቆ፥ በደቡብ ጀርመን በሙኒክ ከተማ አጠገብ፥ ዳኻው በሚባለው የሥቃይ ሰፈር ውስጥ ሌሎች ኦርቶዶክሳውያን ይህንኑ በዓል ያከብሩ ነበረ። የአሜሪካ ጦር ደርሶ ከእስራት ካስፈታቸው ገና አንድ ሳምንት መሆኑ ነው። በግቢው ውስጥ የተስቦ በሽታ ገብቶ ብዙ ሰው ይሞት ነበረ። መጽሐፈ ቅዳሴ የለም፤ ሥዕል የለም፤ ልብሰ ተክህኖም የለም። ሰርቦችና ግሪኮች የሆኑት እስረኞች ካህናት ከጠባቂዎቹ መጋዘን የተገኘውን ፎጣ ሰፍተው በላዩ መስቀል አድርገው ለበሱት። ጸሎቱንና ዜማውን ሁሉ በቃል አደረሱት። ከአቶስ ተራራ የመጣ አንድ ወጣት መነኩሴ ደግሞ የቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅን የትንሣኤ ስብከት ከልቡ አውጥቶ ተናገረ። ይህን ሁሉ በቦታው ሆኖ ያየው ግሌብ ራር የተባለ ሩሲያዊ እስረኛ በኋላ ጽፎታል።

እንግዲህ እነዚህ ሰዎች ከሞት አመለጡ፤ ነፃም ወጡ። ነገር ግን የበዓሉ ደስታ ሳያልፍ አንድ ከባድ ጥያቄ በፊታቸው ተደቀነ። ይኸውም «አሁን ወዴት እንሂድ?» የሚል ነበረ። አንዳንዱ ቤቱ ተቃጥሎበታል፤ አንዳንዱ ዘመዶቹ ሁሉ አልቀውበታል፤ አንዳንዱም ወደ ትውልድ ሀገሩ ቢመለስ የሚጠብቀው እስራት ወይም ሞት መሆኑን ያውቅ ነበረ። ዛሬ ለአንባብያን ልናቀርብ ያሰብነው፥ ይህን ጥያቄ ተሸክመው ለብዙ ዓመታት በስደተኞች ሰፈር የኖሩትን ቤተ ሰቦች ታሪክ ነው። ቤት፥ ማድቤት፥ ትምህርት ቤትና ጸሎት ቤት በባዕድ ምድር እንዴት እንደ ተመሠረተ፥ የሰፈሩም አስተዳደር ሰውን እንዴት እንደ ረዳና እንዴትስ እንደ በደለ በማየት ብዙ ነገር እንማራለን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ከመግቢያው በቀር ዓመተ ምሕረቱ የተቈጠረው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

ስደተኞቹ እነማን ነበሩ?

ጦርነቱ በ1945 በግንቦት ወር ሲያበቃ፥ በጀርመንና በአካባቢዋ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከሀገራቸው ውጭ ተበትነው ተገኙ። አብዛኞቹ የጀርመን መንግሥት በጦርነቱ ዘመን ለፋብሪካና ለእርሻ ሥራ በግድ ያጋዛቸው የፖላንድ፥ የኡክራይንና የሩሲያ ሰዎች ነበሩ። የጦር ምርኮኞችም ነበሩባቸው። ከሞት ሰፈር የተረፉ አይሁድ ነበሩባቸው። የሶቪየት ጦር ሲገፋ ፈርተው የሸሹ የላትቪያ፥ የሊትዌኒያና የኤስቶኒያ ቤተ ሰቦችም ከነልጆቻቸውና ከነሽማግሌዎቻቸው መጥተው ነበር። የጦር ሹማምንቱ እነዚህን ሁሉ በአንድ ስም ጠቅልለው «ከቦታቸው የተፈናቀሉ ሰዎች» አሏቸው፤ በእንግሊዝኛው አጠራር ባጭሩ «ዲ ፒ» ይባሉ ነበር። ይህ ስም በመታወቂያ ወረቀታቸው ላይ ተጻፈ፤ በኋላም ልጆቻቸው እንደ ዘር ስም ተጠሩበት።

እስከዚያው ዓመት መከር ድረስ ስድስት ሚሊዮን ያህሉ በባቡርና በጭነት መኪና ወደየሀገራቸው ተመለሱ። ሆኖም አንድ ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሊመለሱ አልቻሉም ወይም አልወደዱም። ዓመታትን በሰፈር የገፉት እነዚህ ናቸው።

የሰፈሩ አስተዳደር

በ1943 ኅዳር 9 ቀን የ44 መንግሥታት መልእክተኞች በዋሽንግተን ተሰብስበው የተባበሩት መንግሥታት የርዳታና የማቋቋሚያ አስተዳደር የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ። ይህ ድርጅት በአጭር ስሙ ኡንራ ይባላል። ከፈረሙት መንግሥታት አንዷ ሀገራችን ኢትዮጵያ ነበረች። እርሷ ራሷ ከወራሪ እጅ ከወጣች ገና ሁለት ዓመት ተኩል መሆኑን ስናስብ፥ ለሌላው ስደተኛ ርዳታ በሚቆምበት ማኅበር ስሟ መገኘቱ የሚያስደስት ነው። የድርጅቱ የመጀመሪያ ዋና ሹም ኸርበርት ሌማን ነበሩ፤ በ1946 ደግሞ የኒው ዮርክ ከተማ ከንቲባ የነበሩት ፊዮሬሎ ላጓርዲያ ተተኩ።

ጀርመን ለአሜሪካ፥ ለእንግሊዝ፥ ለፈረንሣይና ለሶቪየት ኅብረት በአራት ተከፍላ ነበር። በምዕራባውያኑ ይዞታዎች የበላይ ሥልጣን የጦሩ ነበረ። መኖሪያውን፥ እህሉንና ከሰሉን የሚያቀርበው ጦሩ ሲሆን፥ የሰፈሩን የየዕለት ኑሮ የሚመራው የኡንራ ጓድ ነበረ። አንዱ ጓድ ዐሥር ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጡ ሰዎች ይኖሩታል። እነርሱም ዲሬክተሩ፥ ምክትሉ፥ ሐኪሙ፥ ነርሷ፥ የስንቅ ሹሙ፥ የመጋዘን ጠባቂው፥ የበጎ አድራጎት ሠራተኛዋ፥ ጸሓፊውና ሹፌሮቹ ናቸው። አንዱ እንግሊዛዊ፥ ሌላው ፈረንሣዊ፥ ሌላዋ ቤልጅጋዊት ትሆናለች። የሰፈሩ ሕዝብ ግን በሺሕ ይቈጠራል። ስለዚህ እነዚህ ጥቂት ሰዎች ሁሉን በራሳቸው ሊሠሩት አይችሉምና፥ ስደተኞቹ ራሳቸው ኮሚቴ እንዲመርጡ፥ ፖሊስና እሳት አጥፊ እንዲያቆሙ፥ ጫማ ሰፊውና ልብስ ሰፊው፥ ሐኪሙና መምህሩ በየሙያቸው እንዲያገለግሉ ተደረገ።

በባቫሪያ ተራሮች መካከል ቪልድፍሌከን የሚባል ሰፈር ነበረ። ቦታው ከጦርነቱ በፊት ለጀርመን ጦር ማሠልጠኛ የተሠራ ሲሆን፥ በ1945 ከ10 ሺሕ የሚበልጡ የፖላንድ ስደተኞች ገቡበት። የዚህ ሰፈር ምክትል ዲሬክተር ሆነው የሠሩት አሜሪካዊቷ ካትሪን ሁልም በ1953 ስለዚሁ ሰፈር አንድ መጽሐፍ አሳትመዋል። የአስተዳዳሪው ቀን በምን እንደሚያልፍ ከዚያ መረዳት ይቻላል። ጠዋት የዳቦው ሒሳብ ይቀርባል፤ ቀጥሎ የውኃው ቧንቧ ቀዘቀዘ ይባላል፤ ከዚያም አዲስ ባቡር መጣና ለብዙ መቶ ሰው ማደሪያ ፈልጉ የሚል ትእዛዝ ይደርሳል። ክረምት ከመግባቱ በፊት ወንዶቹ ወደ ጫካ ተልከው ማገዶ ካልቈረጡ ሕፃናቱ በብርድ ያልቃሉ።

አዲስ መጪ ሁሉ በመጀመሪያ የሚያልፈው በዱቄት ርጭት ነው። ቅማል የተስቦ በሽታ አስተላላፊ ስለ ሆነ፥ ዲ ዲ ቲ የተባለው ዱቄት በመንፊያ በአንገትጌና በእጅጌ ውስጥ ይነፋበታል። ሽማግሌው፥ ሴቲቱ፥ ካህኑም ሳይቀር ተራ ይዞ ይቆማል። ይህ ሥራ ብዙ ነፍስ እንዳዳነ የታወቀ ነው። ነገር ግን አንዲት የተከበረች እመቤት በሰው ፊት እንደ በግ መንጋ ስትረጭ የሚሰማትን ኀፍረት ማሰብ ያስፈልጋል። ከርጭቱ በኋላ መዝገብ ይመጣል። ስም፥ የትውልድ ቦታ፥ ሃይማኖት፥ ሙያ፥ ለመሄድ የሚፈልጉበት ሀገር ይጠየቃል። የመታወቂያ ካርድ ይሰጣል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ያለዚያች ካርድ ዳቦም፥ አልጋም፥ መድኃኒትም የለም።

የቤተ ሰብ ኑሮ በአንድ ክፍል

ቤት ማለት ምንድር ነው? በእነዚያ ሰፈሮች ቤት ማለት ብዙ ጊዜ የግማሽ ክፍል መጠን ነበረ። ቀድሞ ወታደሮች በተኙበት ረጅም አዳራሽ ውስጥ ሁለትና ሦስት፥ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቤተ ሰቦች ይገባሉ። በመካከላቸው ያለው ግድግዳ በገመድ ላይ የተንጠለጠለ የወታደር ብርድ ልብስ ነው። ባልና ሚስት ሲነጋገሩ ጎረቤት ይሰማል፤ ሕፃን ሲያለቅስ አዳራሹ ሁሉ ይነቃል። እናቶች ግን ያንን ጠባብ ስፍራ ሳይቀር ቤት አደረጉት። ከስንቅ ሣጥን ጠረጴዛ ሠሩ፤ ከቆርቆሮ ጣሳ ድስትና ጽዋ አበጁ፤ ከብርድ ልብስ ካፖርት ሰፉ፤ በማዕዘኑም ሥዕል ሰቀሉ።

ስለ ምግብ የነበረው ደንብ እንዲህ ነበረ። በ1945 መጨረሻ በአሜሪካ ይዞታ ለአንድ ስደተኛ በቀን 2,300 ካሎሪ፥ በሃይማኖቱ ወይም በዘሩ ምክንያት ለተሠቃየው ደግሞ 2,500 ካሎሪ እንዲሰጥ ታዘዘ። ይህ በወረቀት ሲነበብ በቂ ይመስላል። ነገር ግን ዳቦ፥ ድንች፥ ሾርባና የቆርቆሮ ምግብ በየቀኑ ያለ ለውጥ ሲመላለስ ሰውን ያሰለቸዋል። ከዚህም በላይ ምግቡ ከአንድ ትልቅ ማድቤት እየተቀዳ በሰልፍ ስለሚታደል፥ እናቶች «ለልጄ በገዛ እጄ ላብስልለት» እያሉ ይለምኑ ነበረ። አስተዳዳሪዎቹ የእሳት አደጋን ፈርተው ይከለክላሉ፤ እናቶቹም በድብቅ ምድጃ ያነዳሉ። ይህ ክርክር ቀላል ሊመስል ይችላል። በእርግጡ ግን የክርክሩ ቁም ነገር፥ ቤተ ሰብ በአንድ ማዕድ ዙሪያ የመቀመጥ መብት አለው ወይስ የለውም የሚል ነበረ።

ገንዘብ ዋጋ አጥቶ ስለ ነበረ፥ እስከ 1948 ሰኔ ድረስ የሲጋራ ፓኮ እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር። ከርዳታ ሣጥን የወጣ ሲጋራ፥ ቡናና ሳሙና ወደ ጀርመን ገበሬ ዘንድ ሄዶ በዕንቁላልና በወተት ይለወጣል። ሕጉ ይህን እንደ ወንጀል ይቈጥረዋል። ልጁ የታመመበት አባት ግን ሌላ መንገድ አልነበረውም። በኋላ አዲሱ የጀርመን ገንዘብ ሲወጣ ይህ ዓይነቱ ንግድ ደከመ።

በችግሩ መካከል ሳለ ሰው ሕይወትን መቀጠሉ ያስደንቃል። በየሰፈሩ ሠርግ ተደረገ። በተለይ ከሞት በተረፉት አይሁድ ዘንድ የሚወለዱት ሕፃናት ቍጥር በ1946 እና በ1947 በዓለም ከፍተኛ ከሚባሉት ሆኖ ነበር። ወረቀት ባይኖርም ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ መምህሩ የሚያውቀውን በቃሉ ያስተምራል። ጋዜጣ ታተመ፤ መዘምራን ተቋቋሙ፤ ተውኔት ታየ። የላትቪያ፥ የሊትዌኒያና የኤስቶኒያ ምሁራን በ1946 በሐምቡርግ አንድ ዩኒቨርሲቲ እስከ መክፈት ደረሱ፤ በኋላ ወደ ፒነበርግ ተዛውሮ እስከ 1949 አስተማረ።

በእንጨት ቤት የተሠራ ቤተ ክርስቲያን

ኦርቶዶክሳውያን ስደተኞች በሙኒክ አጠገብ ሽላይስሃይም፥ በሐምቡርግ አጠገብ ፊሽቤክ፥ በካሰል አጠገብ ሞንኸሆፍ በሚባሉትና በሌሎችም ሰፈሮች ተሰብስበው ነበረ። አንድ ሰፈር እንደ ተከፈተ አስቀድመው ከሚጠይቁት ነገር አንዱ የጸሎት ስፍራ ነው። አስተዳደሩ አንድ የእንጨት ቤት ይሰጣቸዋል። አናጢው ከስንቅ ሣጥን ሳንቃ የመቅደሱን መጋረጃ ያቆማል፤ ሠዓሊው በሳንቃው ላይ ቅዱሳንን ይሥላል፤ ቆርቆሮ ሠሪው ከባዶ ጣሳ መቅረዝና ዕቃ ይሠራል፤ ሴቶቹ ከብርድ ልብስና ከአንሶላ ልብሰ ተክህኖ ይሰፋሉ። እንደ እኛው ልደትን የሚያከብሩት በጥር 7 ቀን ስለ ሆነ፥ ጎረቤቶቻቸው ጀርመናውያንና ካቶሊካውያን በዓላቸውን ከጨረሱ በኋላ የእነርሱ ደወል ይደወል ነበረ።

በዚያ ዘመን ከሰዎቹ ጋር የተሰደደ አንድ ታላቅ ሥዕልም ነበረ። ይኸውም ቲኽቪን በምትባል የሩሲያ ከተማ ገዳም ለብዙ መቶ ዓመታት ሲከበር የኖረው የእመቤታችን ሥዕል ነው። በጦርነቱ ጊዜ ከገዳሙ ተወስዶ ወደ ሪጋ ደረሰ። የሪጋው ጳጳስ ዮሐንስ ጋርክላቭስ በ1944 ከተማቸውን ትተው ሲወጡ ይዘውት ወጡ። ጀርመን ከገቡ በኋላ በአሜሪካ ይዞታ ባሉት ሰፈሮች እየዞሩ ስደተኞቹ በፊቱ እንዲጸልዩ ያደርጉ ነበር። ሀገራቸውን ያጡ እናቶች የእመቤታችንን ሥዕል እንደ ራሳቸው በስደት ሲያዩት ምን እንደ ተሰማቸው ለእኛ መንገር አያስፈልግም፤ በየዓመቱ የጽጌን ወራት የምናስበው ሕዝብ ነንና። ጳጳሱ በ1949 ሥዕሉን ይዘው ወደ አሜሪካ ተሻገሩ፤ በቺካጎም አስቀመጡት። ገዳሙ እንደ ገና ሲቋቋም እንዲመለስ ተናዝዘው ስለ ነበረ፥ ያሳደጓቸው ልጃቸው ቄስ ሰርጌይ ጋርክላቭስ በ2004 ወደ ቲኽቪን መለሱት። ስደቱ 60 ዓመት ፈጀ ማለት ነው።

«ወደ ሀገርህ ተመለስ» የሚለው ትእዛዝ

አሁን ወደ ታሪኩ መራራ ክፍል እንመጣለን። በ1945 የካቲት ወር በያልታ በተደረገው ስምምነት መሠረት፥ የሶቪየት ኅብረት ዜጎች የሆኑ ሁሉ ወደ ሀገራቸው እንዲመለሱ ተወስኖ ነበር። ወዶ የሚመለሰው በደስታ ተመለሰ። የማይወደውን ግን ምን ያድርጉት? በመጀመሪያዎቹ ወራት የተሰጠው መልስ ኀይል ነበረ።

ሰኔ 1 ቀን 1945 በኦስትሪያ በሊየንትስ ከተማ አጠገብ፥ ፔጌትስ በተባለው ሰፈር የነበሩት ኮሳኮች ከነሚስቶቻቸውና ከነልጆቻቸው በሜዳ ላይ ተሰብስበው ካህናቱ ቅዳሴ ሲቀድሱ፥ የእንግሊዝ ወታደሮች መጥተው ሕዝቡን በዱላና በሰደፍ እየበተኑ በመኪና ጫኑት። እናቶች ሕፃናቶቻቸውን እንደ ያዙ ወደ ድራው ወንዝ የገቡ ነበሩ። እሑድ ነሐሴ 12 ቀን 1945 ደግሞ በባቫሪያ በኬምፕተን ከተማ ስደተኞቹ ወደ ጸሎት ቤታቸው ገብተው ሳሉ፥ የአሜሪካ ወታደሮች እስከ መቅደሱ ገብተው እየጐተቱ አወጧቸው። የታዘዙት ወታደሮች ራሳቸው ከዚያ በኋላ እጅግ እንዳዘኑ ተጽፏል። የጦር አለቆችም ቀስ በቀስ እንዲህ ያለውን ሥራ ጠሉት። የካቲት 12 ቀን 1946 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ፥ በቂ ምክንያት አቅርቦ አልመለስም የሚል ስደተኛ በግድ እንዳይመለስ ወሰነ። ምንም እንኳ ከጀርመን ጋር ተሰልፈዋል የተባሉ ወታደሮች ከዚያ በኋላ ተላልፈው ቢሰጡ፥ ለብዙ ሺሕ ቤተ ሰቦች ይህ ውሳኔ የሕይወት ደብዳቤ ሆነላቸው።

በዚህ ፍርሃት ምክንያት በየክፍሉ አንድ የኅሊና ፈተና ገብቶ ነበር። ምዕራባውያኑ መንግሥታት ከ1939 በፊት በፖላንድ ክልል ይኖር የነበረውን ሰው እንደ ሶቪየት ዜጋ አይቈጥሩትም ነበር። ስለዚህ ከዚያ ድንበር በስተ ምሥራቅ የተወለደ አባት ሌላ የትውልድ ቦታ በመዝገብ ያስጽፋል። ማታ ማታ ልጆቹን ሰብስቦ «የተወለድነው በእገሌ ከተማ ነው፤ ቤታችን በእገሌ መንገድ ነበረ» እያለ ያስጠናቸዋል። «በሐሰት አትመስክር» የሚለውን ትእዛዝ ያስተማረው ያው አባት ነው። ልጆቹን ለሞት አሳልፎ እንዳይሰጥ ሐሰትን አስተማራቸው። ብዙዎች ይህን ሸክም እስከ እርጅናቸው ድረስ ይዘውት ኖረዋል፤ አንዳንድ ልጆችም እውነተኛውን የትውልድ ቦታቸውን ያወቁት ከጐለመሱ በኋላ ነው። እኛ በምቾት የተቀመጥን ሰዎች በዚህ ላይ ለመፍረድ አንቸኩል።

በሌላ ወገን ደግሞ አስተዳደሩ የሚመረምረው በከንቱ አልነበረም። ከስደተኞቹ መካከል በጦርነቱ ጊዜ በንጹሓን ደም እጃቸውን የነከሩ ሰዎች ተደብቀው ነበር። የጀርመን ኤስ ኤስ ጭፍሮች በግራ ክንዳቸው ሥር የደማቸው ዓይነት በንቅሳት ይጻፍባቸው ስለ ነበረ፥ መርማሪዎቹ ወንዶቹን ክንዳቸውን እያስነሡ ያዩ ነበር። ስለዚህ አንዱ ምርመራ በደለኛውን ሲይዝ ንጹሑንም ያስጨንቃል። መዝገብ ያዥነት ቀላል ሥራ የሚመስለው ሰው ይህን ያስብ።

ከ1946 ጥቅምት ጀምሮ ኀይል ቀርቶ ማባበል ተሞከረ። ወደ ፖላንድ ለሚመለስ ሁሉ የ60 ቀን ስንቅ እንዲሰጠው ታወጀ። በቪልድፍሌከን ዱቄቱ፥ ስኳሩና የቆርቆሮው ምግብ በጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ ለሕዝቡ ታየ። ብዙዎች ይህን አይተው ተመለሱ። ለተራበ ሰው ዳቦ እያሳዩ ስለ ሀገሩ ውሳኔ እንዲሰጥ መጠየቅ ተገቢ ነውን? ይህ ጥያቄ ሥራውን የሠሩትን ሰዎች ራሳቸውን አስጨንቋቸዋል።

የደረት ፎቶግራፍና የአያት ዕጣ

በ1947 ሐምሌ 1 ቀን የኡንራን ሥራ ዓለም አቀፍ የስደተኞች ድርጅት የተባለ አዲስ ድርጅት ተረከበ። በዚያን ጊዜ ሰፈሮቹ ከ700 በላይ ነበሩ። አዲሱ ድርጅት ዋና ሥራው ያደረገው ለስደተኞቹ አዲስ ሀገር መፈለግ ነው። የየመንግሥታቱ መልእክተኞች ወደ ሰፈሮቹ መምጣት ጀመሩ። ቤልጅግ ለከሰል ማዕድን ጎበዞችን ፈለገች፤ እንግሊዝ ለፋብሪካና ለሆስፒታል ሠራተኞችን ፈለገች፤ ካናዳ ለደን ሥራ፥ አውስትራሊያ ለመንገድና ለግድብ ሥራ ጠየቁ። መልእክተኞቹ የሰውን ጡንቻና መዳፍ እያዩ ስለሚመርጡ፥ ስደተኞቹ ነገሩን ከከብት ገበያ ጋር ያመሳስሉት ነበር። ሊቀ ጠበብት የነበረው ሰው እጁ ለስላሳ መሆኑ እንዳይታወቅበት ድንጋይ ተሸክሞ መዳፉን ያሻክር ነበር ይባላል።

አሜሪካ በ1948 ሰኔ 25 ቀን ሕግ አውጥታ በሯን ከፈተች። ይሁንና መግባት የሚችለው ሥራና ቤት የሚያዘጋጅለት ዋስ ያገኘ ሰው ነበረ። በዚህ ጊዜ አብያተ ክርስቲያናት ታላቅ ሥራ ሠሩ። የየአጥቢያው ምእመናን በዐይናቸው ላላዩት ቤተ ሰብ ዋስ እየሆኑ ፈረሙ። ለኦርቶዶክሳውያን ሩሲያውያን ደግሞ የታላቁ ደራሲ የሌዎ ቶልስቶይ ልጅ አሌክሳንድራ ቶልስቶይ በ1939 ያቋቋሙት ማኅበር ብዙ ረዳ።

ይሁን እንጂ አንዲት ትንሽ ጥቁር ነጥብ የሰውን ዕጣ ትለውጥ ነበር። ተጓዥ ሁሉ የደረት ፎቶግራፍ መነሣት ነበረበት። በሳንባ ላይ የነቀርሳ ምልክት ከታየ በሩ ይዘጋል። አንድ ቤተ ሰብ በሐሳባችን እንመልከት። አባት ጤነኛ ነው፤ እናት ጤነኛ ናት፤ ሦስቱ ልጆች ጤነኞች ናቸው። በዚያ ሁሉ መከራ ልጆቹን አዝለው ያመጧቸው አያት ግን በደረታቸው ላይ ጠባሳ ተገኘ። መርከቡ በሚቀጥለው ሳምንት ይነሣል። ቤተ ሰቡ አያትን ትቶ ይሂድ ወይስ የልጆቹን ተስፋ አጥፍቶ ከእርሳቸው ጋር ይቅር? እንዲህ ያለ ምርጫ በብዙ መቶ ክፍሎች ውስጥ፥ በዚያ በብርድ ልብስ መጋረጃ ሥር፥ ሌሊቱን ሙሉ በሹክሹክታ ተመክሮበታል። አንዳንዱ ቀረ፤ አንዳንዱ ሄደ። ብዙ ጊዜም «ሂዱ፤ እኔ ኑሮዬን ጨርሻለሁ» ብለው የፈረዱት አያቶቹ ራሳቸው ነበሩ።

ድርጅቱ በ1952 መጀመሪያ ሥራውን ሲያቆም ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎችን በአዲስ ሀገር አስፍሮ ነበር። ይህ በእውነት የሚመሰገን ሥራ ነው። ሆኖም ሽማግሌዎቹ፥ በሽተኞቹና አካለ ስንኩላኑ በሰፈሩ ቀሩ። ስለ እነርሱ ከተነሡት ሰዎች አንዱ ቤልጅጋዊው መነኩሴ አባ ዶሚኒክ ፒር ናቸው። እኚህ ሰው ከ1949 ጀምሮ ለተረሱት ስደተኞች በደብዳቤና በጥሪት የሚረዷቸውን ቤተ ሰቦች ፈለጉላቸው፤ ለሽማግሌዎች ማረፊያ ቤት፥ ለቤተ ሰቦችም ትናንሽ መንደሮች አሠሩላቸው። በ1958 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሰጣቸው። በጀርመን ለአይሁድ ስደተኞች ከነበሩት ሰፈሮች የመጨረሻው ፎረንቫልድ የተዘጋው በ1957 የካቲት ወር ነው፤ ይኸውም ጦርነቱ ካለቀ ከ11 ዓመት በላይ ቈይቶ ነው።

ለእኛ የሚሆነው ትምህርት

ከእነዚያ ሰፈሮች ሁለት ነገር ለዓለም ተረፈ። አንዱ መዝገብ ነው። በጀርመን አሮልሰን በምትባል ከተማ የተከማቸው መዝገብ ከ17 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ስም ይዟል፤ እስከ ዛሬም ድረስ የልጅ ልጆች የጠፋባቸውን ዘመድ ዕጣ ከዚያ ይጠይቃሉ። ሁለተኛው ሕግ ነው። በ1951 ሐምሌ 28 ቀን በጄኔቭ የተፈረመው የስደተኞች ስምምነት፥ ሰውን ሕይወቱ ወደሚጠፋበት ሀገር በግድ መመለስን ይከለክላል። የሊየንትስና የኬምፕተን እንባ በዚህ አንቀጽ ውስጥ አለበት ብንል አንሳሳትም። ኢትዮጵያ ይህን ስምምነት በ1969 ተቀብላለች። በዚያው ዓመት መስከረም 10 ቀን የአፍሪካ መንግሥታት የራሳቸውን የስደተኞች ስምምነት ያጸደቁት በዋና ከተማችን በአዲስ አበባ ነው።

ይህ ታሪክ ለእኛ የሩቅ ሰው ወሬ አይደለም። በጠላት ወረራ ዘመን አባቶቻችንና እናቶቻችን ወደ ኢየሩሳሌም፥ ወደ ጅቡቲና ወደ ኬንያ ተሰደዋል፤ በኬንያ ኢሲዮሎና ታቬታ በሚባሉ ቦታዎች በስደተኞች ሰፈር የኖሩ ነበሩባቸው። ዛሬም ከልጆቻችን መካከል በባዕድ ሀገር ወረቀት ይዘው በር የሚያንኳኩ ብዙዎች ናቸው። ደግሞም ከደቡብ ሱዳን፥ ከሶማሊያ፥ ከሱዳንና ከኤርትራ የመጡ አንድ ሚሊዮን ያህል ስደተኞች በሀገራችን ተጠግተው ይኖራሉ። እንግዲህ አንድ ጊዜ ተሰዳጅ፥ አንድ ጊዜ ተቀባይ ሆነናል።

ስለዚህ ውድ አንባብያን፥ ስደተኛን የሚያስተዳድር ሹምም ሆነ በጎረቤት የሚያየው ቤተ ሰብ ከቪልድፍሌከንና ከሽላይስሃይም አንድ ነገር ይማር። ለሰው ዳቦና መድኃኒት መስጠት ግዴታ ነው፤ ግን አይበቃም። እናት በገዛ እጅዋ ድስት የምትጥድበትን ምድጃ፥ አባት ልጆቹን በእውነተኛ ስማቸው የሚጠራበትን ሰላም፥ አያት ከልጅ ልጆቻቸው የማይለዩበትን ሥርዓት ካልሰጠነው፥ በሕይወት አቈየነው እንጂ አላስጠጋነውም። በዳኻው በፎጣ ልብስ የቀደሱት ካህናት፥ በጣሳ መቅረዝ ያበሩት እናቶች ያስተማሩን ይህ ነው፤ ሰው ሁሉን ነገር ተነጥቆ ሳለ አስቀድሞ የሚሻው ጌታውን የሚያመሰግንበትንና ቤተ ሰቡን የሚሰበስብበትን ትንሽ ስፍራ ነው። ያችን ስፍራ ለእንግዳው የማይነፍግ ቤት የተባረከ ነው።